ስንዴና ገብስ በአንድ ትልም

መጀመሪያ ያየችው ቀን ተንበርክኮ ነበር።

ማለዳ ነው። ባልዲዋን ይዛ ወደ ወንዙ ስትወርድ፣ ከእርሻዋ ጫፍ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። የሚጸልይ መሰላት። እሷ ሳትጸልይ እሳት እንኳ የማታቀጣጥል ሴት ናት። ሰው ሁሉ ለመሬት በሚባላበት በዚህ አዲስ ሰፈር እግዚአብሔርን የሚያስታውስ አንድ ጎረቤት በማግኘቷ ልቧ ተነካ። ባልዲውን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና አብራው ጸለየች። ለእሱም ጭምር ጸለየችለት።

ዓይኗን ስትገልጥ ሰውየው ቆሟል። በእጁ የያዘው የእሷን የድንበር ችካል ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየነቀልኩ ነው።»

«የምትጸልይ መስሎኝ ቆሜ ስጠብቅህ!»

«ጠንክሮብኝ ነው የተንበረከክሁት» አለ፣ ጭቃውን ከጉልበቱ እያራገፈ። «ቆመው ሲስቡት እምቢ አለ።»

ችካሉን ከእጁ ነጥቃ በዚያው ቦታ ላይ በድንጋይ ደብድባ መለሰችው። እሱም እጁን አጣምሮ ቆሞ አያት፤ እስክትጨርስ ጠበቀ። ባልዲዋን አንስታ ሄዳ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ችካሉ የለም። የተዋወቁት እንዲህ ነው። ፍቅር ገና በመጀመሪያው እይታ ያዘኝ የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ እነዚህ ሁለቱ ትዝ እያሉኝ እስቃለሁ።

ወደዚያ ምድር የመጣችው ከባሏ፣ ከአማቷና አምስት ዓመት ካልሞላት ልጇ ጋር ነበር። ሰፋሪዎቹ ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁና ለመተዋወቅም የማይቸኩሉ ሰዎች ነበሩ። መሬቱ ደን ነው። ባሏ ደኑን መንጥሮ፣ ቤቱን አቁሞ፣ ጣሪያውን ሳይጨርስ የቆረጠው ዛፍ ባልጠበቀው በኩል ወደቀበት። ከእሱ የቀሩላት ልጅቷ፣ ጥንድ በሬ እና እናቱ ናቸው። ከሁሉም የከበደቻት እናቱ ናት።

«ልጄን የገደለው ያንቺ ጸሎት ነው» ትላት ነበር አማቷ፣ ገንፎ እያማሰለች፣ ስለ አየር ሁኔታ በምታወራበት ድምፅ። «መሬት ስጠን፣ መሬት ስጠን እያልሽ ነዘነዝሽው። ይኸው ሰጠ። ልጄም ገባበት።»

ምራት አትመልስም። ለአማቷ የምትመልሰውን ሁሉ አስቀምጣ ጠዋት ለእግዚአብሔር ትናገራለች። ጸሎቷ እንደሌላው ሰው ጸሎት ለስላሳ አልነበረም፤ ግማሹ ምስጋና ከሆነ ግማሹ ክስ ነው። ሰፈሩ «መነኩሲቷ» ብሏታል። በፍቅር የተሰጠ ስም እንዳይመስላችሁ። በበዓል ቀን እርሻ ስለማትገባ፣ ወፍጮ ቤት ሐሜት ሲጀመር ዱቄቷን ተሸክማ ስለምትወጣ የተለጠፈባት ነው። ቢሆንም ቃሏን የሚጠራጠር አልነበረም። የሚጠሏት ሰዎች ሳይቀሩ፣ መነኩሲቷ ካለች አለች ነው፣ ይሉ ነበር።

ችካል ነቃዩም ስም ነበረው። ከጫካው የተረፈውን ጉቶ ሳይነቅል በዙሪያው ስለሚያርስ «ጉቶ» ይሉታል፤ ጠባዩም ለስሙ አግዟል። የቀድሞ ሙያው ግንበኝነት ነው። ወደዚህ ሲመጡ ሚስቱን ትኩሳት ይዟት መንገድ ላይ ቀብሯት ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት ረግጦ አያውቅም። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ «ከእግዚአብሔር ጋር ተኮራርፈናል» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

የጠቡ ምንጭ አንዲት ጠባብ ቁራጭ መሬት ናት። መሬቱን ለሰፋሪው ያከፋፈለው ሰው የለካው በዝናብ ነበር። ገመዱ ርሶ ስለተኮማተረ የሁሉም ድርሻ ትንሽ ትንሽ አነሰ፤ ያነሰው ሁሉ ተጠራቅሞ በእሷና በጉቶ እርሻ መካከል እስከ ወንዙ የሚደርስ የማንም ያልሆነ ጭረት ሆኖ ቀረ። የእሷ እርሻ ከወንዙ ጋር የሚገናኘው በዚህች ጭረት ብቻ ነው። የሰፋሪዎቹ ማኅበር ደንብ ደግሞ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ የማንም ያልሆነ መሬት ቀድሞ ለዘራበት ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ የማይደርሰው እርሻ ለብቻው አይቆምም፤ ከጎኑ ካለው ከዘመድ እርሻ ጋር ይቀላቀላል።

ከጎኗ ያለው ዘመድ ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። ሲያገኛት ሁልጊዜ ይስቃል። «አይዞሽ፣ ምን ጊዜም ቤቴ ቤትሽ ነው» ይላታል። ያ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለች። እዚያ ብትገባ የሰው ማጀት ውስጥ ዕድሜ ልኳን አመድ ስትጠርግ፣ ልጇም ከሰው ገበታ ዳር ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ታያታለች። ስለዚህ ጭረቷ ለእሷ መሬት ብቻ አልነበረችም፤ የራሷ በር ነበረች።

ዘር ጊዜ እስኪደርስ ሁለቱም ጭረቷን አረሱ። እሱ ሲያርስ እሷ ትደግማለች፣ እሷ ስትደግም እሱ ይሠልሳል። በሰፈሩ የዚያን ያህል የለሰለሰ አፈር አልነበረም። በአንዱ ምሽት ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ሲጠቁር ጉቶ ብቻውን ገብቶ ገብስ ዘራና አፈር አለበሰው። እሷ ይህን አላየችም። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ሲያባራ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ጸሎቷን አድርሳ ስንዴዋን በቁና ይዛ ወጣች፤ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ እየገባች ዘራች። ተሳካልኝ ብላ ቤት ደርሳ እግሯን ስትታጠብ በጣቶቿ መሃል የተጣበቀ እህል አገኘች። ገብስ ነው።

ለረጅም ጊዜ አየችው። «አየህ አይደል» አለች ለእግዚአብሔር። ከዚያ ውሃውን ደፋችው።

ቡቃያው ሲወጣ ጉዱ ወጣ። ጉቶ አጥር ዳር ቆሞ፣ «የእኔ ገብስ ውስጥ ስንዴ ምን ይሠራል?» ሲል አማቷ ከቤት ወጥታ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸችበት። «ምራቴ ናት የቀደመችው! የሟች ቤት ብለህ ነው የምትዳፈረን!» ሰዉ ወጥቶ አየ። ጉቶም ወደ ምራቲቱ ዞሮ ጠበቀ። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ዝም አለች።

ዝም ማለት ውሸት አይደለም አለች በልቧ። ይህን ለራሷ ደጋግማ ስለነገረችው እውነት እንዳልሆነ ገባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቷ አጠረ።

ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ ጉቶ አረም ሊነቅል ገባ። አረም ያለው የእሷን ስንዴ ነው። ልትጣላው ዱላ ይዛ መጣችና አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። የነቀለውን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግሞ የነቀለውን አየች። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ ያልወጣት ሳቅ ፈነቀላት፤ ዱላውን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«የራስህን ገብስ ነው እኮ የምትነቅለው!»

እጁ ላይ ያለውን አየ። አንገቱ ቀላ። «ሁለቱም ሣር ነው የሚመስለው» አለ። «እኔ ድንጋይ ነው የማውቀው።»

ለምን እንዳደረገችው አታውቅም፤ ጎንበስ አለችና አንዱን ግንድ በጣቷ ያዘችለት። «እየው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት ጋ። ገብስ እንዲህ በሁለት ጆሮው ግንዱን አቅፎ ይይዛል። ስንዴ አያቅፍም።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊታቸው ከሚገባው በላይ ተቀራረበ። እሱ ከቅጠሉ ይልቅ ጣቷን እያየ መሆኑን አወቀችና ፈጥና ቀና አለች።

«ገባህ?»

«አልገባኝም» አለ። «ነገ ደግመሽ ታሳዪኛለሽ።»

«ነገ ዱላውን ነው የማሳይህ።»

በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ጀምረው ያርማሉ፤ መሃል ላይ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፤ ይለያያሉ። ሰፈሩ ይህን እያየ ጠብ ነው አለ። ጠብ መሆኑ እንዲቀጥል ሁለቱም የሚቻላቸውን አድርገዋል።

ልጅቷን ግን ማን ሊያቆማት ይችላል። ከወዲያ ወዲህ ስለምትዘል «ፌንጣ» ነው የሚሏት። አንድ ቀን ጉቶ ድንጋይ ሲጠርብ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «እናቴ ጠዋት ጠዋት ትከስሃለች» አለችው።

«ለማን?»

«ለእግዚአብሔር።»

ጉቶ መዶሻውን አስቀመጠ። «ምን ብሎ መለሰላት?»

«እስካሁን መልስ አልመጣም።»

እናትየው ይህን በአጥሩ ቀዳዳ ሰምታ በኀፍረት ልትሞት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። «በይ ስትከሰኝ ስለ ጣሪያችሁም ትንገረው» አላት ለልጅቷ። «በስተጓሮ በኩል ያፈስሳል። ከዚህ ሆኜ ሳየው ያመኛል።» በማግሥቱ እናትና ልጅ ከወፍጮ ሲመለሱ ጣሪያው ተደፍኖ አገኙት። አማትየዋ ደጅ ቁጭ ብላ ነበር። «ያ ሌባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር» አለች። «መሰላሉን ልወስድበት አስቤ እግሬ አሞኝ ተውኩት።»

እንግዲህ ወደደችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ ነገረችው፣ ያንንም በቁጣ። «ሌላ ሰው አጣህልኝ?» አለችው። «የሚያኮርፍህን ሰው መረጥህልኝ?» ከዚያ የገብሱ ነገር ትዝ ሲላት አፏ ይዘጋል። መሬቱን የሰረቀችበትን ሰው መውደድ እንዴት እንደሚጸለይ አላወቀችም።

እህሉ ሲያሸት ወፍ ለመጠበቅ ጭረቷ ላይ ይውሉ ጀመር፤ እሱ በአንዱ ጫፍ እሷ በሌላው። በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወሩ ይጯጯኻሉ። ጩኸቱ ለወፍ ነው ቢባልም መካከል መካከሉ ላይ ሌላ ወሬ ነበረበት።

«ሚስትህ ምን ትወድ ነበር?» ብላ ጠየቀችው በአንዱ ቀን።

ወፎቹ መጥተው አረፉ፤ ማንም አልከለከላቸውም። «መዘመር» አለ በመጨረሻ። «ድምፅ አልነበራትም። ግን ትዘምር ነበር። ለዚያ ነው ጸሎት ቤት የማልገባው። መዝሙሩን ሌላ ሰው በጥሩ ድምፅ ሲዘምረው መስማት አልፈልግም።»

አጽናኝ ቃል ብዙ ታውቅ ነበር፤ ሁሉም እዚያ ቦታ ላይ የሚያሳፍር መሰላት። አጠገቡ ሄዳ ቁጭ አለች። እስኪመሽ ድረስ አልተናገሩም፣ ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እንደተለማመደው ያስታውቃል፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

«ለምን አንጋባም? ድንበሩ ይቀርልናል። ውሃውም የጋራ ይሆናል። ዋርሳሽም አፉን ይይዛል።»

ልቧ ከተቀመጠበት ዘሎ ሲነሣ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ድንበሩ። ውሃው። «እኔን ነው የምትጠይቀው ወይስ ጭረቷን?»

እዚህ ላይ ማንኛውም ሰው የሚመልሰውን ያውቃል። ጉቶ ግን እውነተኛ ልሁን ብሎ አሰበ፤ አስቦም፣ «ሁለቱንም» አለ።

«ሂድልኝ» አለችው። «ሸሚዝህንም አውልቀው፤ ለመሬት ሸሚዝ አይለበስም።»

ሄደ። እሷም ቤት ገብታ ዱቄት ማቡካት ጀመረች፤ ሊጡን እንደ ጠላት ደበደበችው። አማትየዋ ከጥግ ሆና አየቻትና፣ «ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች። «ምንም» አለች ምራት። «ለምንም ሲባል ሊጥ እንዲህ አይደበደብም» አለች አማት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

አጨዳው ሲቃረብ ዋርሳዋ ለማኅበሩ ሰብሳቢ አመለከተ። ጭረቷ የማን እንደሆነች ይወሰን አለ። ሰብሳቢው የቀድሞ ወታደር ነው፤ ረጅም ወሬ አይወድም። ምስክር ስለሌለ በመሐላ ይለቅ ብሎ ቀን ቆረጠ።

የዚያን ቀን ጠዋት አማትየዋ ገና ሳይነጋ ተነስታ ምራቷን ጠበቀቻት። ጸሎቷን እስክትጨርስ በትዕግሥት መቀመጧ ራሱ ያልተለመደ ነው።

«መሐላውን ማይ» አለቻት። «ቀደምኩ በይ። ያ ሰው እንደሆነ እግዚአብሔር የለውም።»

«እኔ አለኝ እማማ።»

«እግዚአብሔር ለአንድ ቀን ዞር ቢልልሽ ምን ይጎድልበታል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከዚያች ሴት ቤት አታስገቢኝ። አንቺን አልወድሽም፤ አልደብቅሽም። ግን አንቺ ገንፎዬን ትሰጪኛለሽ። የዚያኛው ልጄ ሚስት በቁሜ ትቀብረኛለች።»

አሮጊቷ ስትለምን አይታ አታውቅም ነበር። እጇን ልትይዛት ፈለገች፤ አሮጊቷ ግን እጇን ወደ ብብቷ አስገባች።

ስብሰባው ከእህል መጋዘኑ ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ሁሉ መጥቷል፤ አንዱም ለእሷ ብሎ አልመጣም። ዋርሳዋ ከፊት ቆሞ ይስቃል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ጉቶን ጠራው።

«ቀድመህ ዘርተሃል?»

«ዘርቻለሁ።»

«ትምላለህ?»

«አልምልም» አለ ጉቶ። «የምምልበት የለኝም። እሷን ጠይቃት። እሷ ቀደምኩ ካለች እሷ ናት የቀደመችው፤ አንድ ቃል አልናገርም።»

መጋዘኑ ፊት ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ጠብ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሷ አየችው፤ እሱ ወደ ጫማው አየ። አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ተከራካሪ የለም፣ ምስክር የለም፣ የሚጠራጠራትም የለም። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። ባሏ የመነጠረው መሬት ከመጋዘኑ ኋላ ይታያል።

«በእግዚአብሔር ስም ተናገሪ» አለ ሰብሳቢው። «ማን ቀደመ?»

«እሱ ነው» አለች።

ድምፅዋ ስላነሰ ድገሚው አሏት።

«እሱ ነው የቀደመው። እኔ ስዘራ ገብሱ መሬት ውስጥ ነበር። እግሬን ስታጠብ በጣቶቼ መሃል አገኘሁት። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አንድ ሰው፣ «ይቺ ሴት ነክቷታል» አለ። አማትየዋ ያለችበት ቦታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጉቶ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጥቶ፣ «እኔ አልፈልገውም፣ ለእሷ ይሁን» ቢልም ሰብሳቢው እጁን አነሣ። «ደንቡ መስጠት አይልም። ከተውከው ለማኅበሩ ይመለሳል። ጭረቷ ያንተ ናት። የእሷ እርሻ ከዋርሳዋ ጋር ይቀላቀላል። አለቀ።»

ዋርሳዋ መጥቶ ትከሻዋን ነካ። «አይዞሽ» አላት። «ቤቴ ቤትሽ ነው።»

ከሰዉ መሃል ወጥታ ሄደች። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ቀረች። እግሯ ወደ ጭረቷ ወሰዳት። እህሉ ደርሷል፤ ስንዴውም ገብሱም ተደባልቆ ጭንቅላቱን ደፍቷል። ለዚያ መሬት አለቀሰች፤ ለባሏ አለቀሰች፤ ባሏ ባልጨረሰው ጣሪያ ሥር ከእንግዲህ የሌላ ሰው ከብት እንደሚያድር አስባ አለቀሰች። ግን ደግሞ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግዚአብሔርን ቀና ብላ ልታየው ቻለች።

ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። እስኪጠጋ ጠበቀች፤ አልዞረችም።

«ሳይሽ የታመምሽ መሰለኝ» አለ ጉቶ። «ፊትሽ ገርጥቶ ነበር።»

«ያን ቀን ያልከኝን ድገመው።»

«የትኛውን?»

«ሸሚዙን ለብሰህ ያልከኝን። መሬት ሳታነሣ ድገመው። አሁን እኔ ምንም የለኝም፤ ብታገባኝ የምታገኘው አንዲት ልጅና አንዲት የማትወድህ አሮጊት ነው። እስቲ ድገመው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቴ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ...»

«ቤትም ሳታነሣ።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ነፋሱ እህሉን ሲያንቀሳቅሰው ይሰማል። እጁን የት እንደሚያደርግ አጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አወጣው።

«ጠዋት የቤትሽን ጭስ እያየሁ ነው የምነሣው» አለ። «ጭሱ ከዘገየ እየጸለየች ነው እላለሁ። እየከሰሰችኝ ነው እላለሁ። በጣም ከዘገየ ግን መዶሻዬን አስቀምጬ ደጅ ላይ እቆማለሁ። እስኪወጣ ሥራ አልጀምርም። ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

ዞራ አየችው። ፊቱ ቀልቷል።

«ይበቃል» አለች። «እሺ።»

ሰርጉ ሰርግ ነው ለማለት ይከብዳል። ሰብሳቢው ግዴታው ስለሆነ መጣ፤ ሌላው ሰው ሥራ በዛብኝ አለ። ዋርሳዋ ቁጣውን ሊደብቅ አልቻለም፤ እርሻውን ቢያገኝም አገልጋይቱን አጥቷል። አማትየዋ ልብሷንና ትራሷን ተሸክማ ከሁሉም በፊት ጉቶ ደጅ ደረሰች። «መርቄያችሁ አይደለም የመጣሁት» አለች ወደ ውስጥ እየገባች። «የት ነው የምተኛው?» ጉቶ የተሻለውን ክፍል ሰጣት፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው ብላ አማረረች።

የተደባለቀውን እህል አብረው አጨዱት፤ መለየት ስለማይቻል አብረው ወቁት፤ አብረው አስፈጩት። ወፍጮ ቤት ነው ወሬውን የሰማችው። «መነኩሲቷ እኮ ብልጥ ናት» ይላሉ። «መሬቷን በአንድ እጅ ሰጥታ በሌላው እጇ መሬቱን ከነባለቤቱ ወሰደች። መሐላው የታሰበበት ነው።» ዱቄቷን ሳትወስድ ወጣች።

ጉቶ አጥር ሲገነባ አገኘችው። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። በሕይወቷ ከባዱን እውነት የተናገረችበትን ሰዓት ሰዎቹ ብልጠት አድርገውባት ነበር።

«አንተስ?» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ብልጠት ይሆን ብለህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

የያዘውን ድንጋይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ያን ቀን የመጣሁት ትዋሻለሽ ብዬ ነው» አላት። «እንድትዋሺ መንገዱን ጠርጌልሽ ነበር። እንደምታውቂ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እኔ እንደቀደምኩ። አማትሽ አጥር ላይ ስትጮህ አንቺ ዝም አልሽ። ሐቅ ይዘሽ ከእኔ ጋር ዝም ያልሽበት ቀን የለም። ያኔውኑ ገባኝ።»

ከቡቃያው እስከ አጨዳው ያለፈውን ሁሉ አሰበች፤ አረሙን፣ ጣሪያውን፣ ወፎቹን። ያን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ለምን አልተናገርክም?»

«ውሃው አንቺን ያስፈልግሽ ነበር» አለ።

ግንቡ ላይ ቁጭ አለች። ሰው እንዳያያት ፊቷን ልትሸፍን አላሰበችም፤ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ አቀፋት፤ ድንጋይ በለመደ እጁ እንዳያሳምማት እየተጠነቀቀ። አማትየዋ በመስኮት ብቅ ብላ አየቻቸው፤ አልተሳደበችም፤ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋችላቸው።